ከካራቫን ወጥተን ወደ ካራቫን፦ የአቲቆት ቤተሰቦች ወደ ወይን አገር ለመጓዝ ያደረጉት ዝግጅት

የትምህርት ቤት የበጋ እረፍት በተቃረበ ቁጥር በአሽቀሎን ከተማ፣ በአቲቆት ሰፈር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጆቹ የት ይዋሉ? ወላጆችስ ከሥራና ከቤት ጣጣ የሚያርፉት መቼ ነው? ዘንድሮ ጥያቄው የተነሳው በየሁለት ሳምንቱ በሰፈሩ ማትናስ በሚሰበሰበውና እኔ በምመራው የቤተሰቦች ቡድን ውስጥ ነው። አምስት ቤተሰቦች ናቸው። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲቆጠሩ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ይሆናሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንነጋገረው ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ውትድርና፣ ስለ ማሽካንታ ዕዳ ነበር። በዚያን ምሽት ግን ከጦር ሠራዊት ለእረፍት የመጣ አንድ ወጣት ተነሣና፣ «ለምን ካራቫን ተከራይተን ወደ ወይን አገር አንሄድም? ሁለት ሌሊት እዚያው አድረን እንመለስ» አለ።

ወጣቱ የተናገረው ሞተር ስላለው፣ አልጋ፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ስለተገጠመለት መኪና ነው። በዕብራይስጥ እሱንም «ካራቫን» ይሉታል። ሽማግሌዎቹና እናቶች ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ከካራቫን ለመውጣት ስንት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። አሁን ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ልግባበት?» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ። ትልልቆቹ ግን አልሳቁም።

ያልተነገረው ታሪክ

ለወጣት አንባቢያን ማስታወስ ያስፈልጋል። በሜይ 24 እና 25፣ 1991 በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያው ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡት ኦሊም ቁጥር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስለነበረ የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። በወቅቱ አሪኤል ሻሮን ይመሩት የነበረው የቤቶች ሚኒስቴር በየቦታው ካራቫኖችን አስተከለ። በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሀማቶስ፣ በቤርሼቫ ናሐል ቤቃ፣ በይሁዳ ቆላ ደግሞ ሑልዳ፣ ከሌሎችም ጋር የወገኖቻችን መኖሪያ ሆኑ። ጊዜያዊ ይባሉ እንጂ ብዙዎች ዓመታት ኖሩባቸው። በ1993 ለኢትዮጵያውያን ኦሊም ልዩ ማሽካንታ ከተፈቀደ በኋላ ነው አብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ከተሞች የገባው። ዛሬ በአቲቆት ካሉት አባወራዎች ጥቂት የማይባሉት በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው።

እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ ወደዚህ አገር መጥቼ ካራቫን ውስጥ አድጌያለሁ። ግድግዳው ቀጭን ስለነበረ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ የእኛ ሕፃን ይነቃል። በበጋ ቀን ቀን ውስጡ አያስቀምጥም፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ መነጋገር አይቻልም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ምሽት ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ወታደር የገዛ እናቱ በካራቫን ሰፈር ማደጓን አያውቅም ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሲላት፣ «ምኑን ብዬ ልንገርህ? አንተ የተወለድከው ቤት ውስጥ ነው» አለችው።

ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ስለ ጉዞው አልተወሰነም። ይልቁንም ትልልቆቹ ስለ ካራቫን ዘመን ሲያወሩ፣ ልጆቹ ሲጠይቁ አመሸን። ክፉው ብቻ አይደለም የተወሳው። በካራቫን ሰፈር በር ለበር ስለነበረ ቡና ሲፈላ የማይጠራ ሰው አልነበረም። እኚያው እናት፣ «አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የጎረቤቴን ድምፅ የምሰማው በቧንቧው ነው» አሉ። በማኅበራዊ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ሰው «አልሄድም» ሲል ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው መንገዱን ሳይሆን ትዝታውን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ስንገናኝ አዛውንቶቹ ራሳቸው፣ «እስቲ ይህ ጉዞ እንዴት እንደሚሆን አስረዱን» አሉ።

ወይን አገር የት ነው?

በእስራኤል ብዙ ሰው ወይን ሲባል የሚያስበው የጎላንን ተራራና ገሊላን ነው። ከአሽቀሎን ለሚነሳ ቤተሰብ ግን የይሁዳ ቆላና ተራራማው ክፍል ይቀርባል። ሁለት መንገዶች ከከተማችን ተነስተው ወደዚያው ያደርሳሉ። መንገድ ቁጥር 35 በቂርያት ጋት በኩል ወደ ቤት ጉቭሪን ይወስዳል። መንገድ ቁጥር 3 ደግሞ በቂርያት ማልአኪ፣ በሑልዳና በናሕሾን በኩል ላትሩን ይደርሳል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል። በመካከል ሁለቱን አካባቢዎች የሚያገናኘው መንገድ ቁጥር 38 ሲሆን፣ ዳዊት ጎልያድን በገደለበት በዔላ ሸለቆ አልፎ ወደ ቤት ሼሜሽ ይወጣል።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያውቁ ሽማግሌዎቻችን ይህ አገር እንግዳ አይደለም። ሶምሶን የተወለደው በጾርዓ ነው፤ አንበሳው የመጣበት በተምና የወይን ቦታ ነው፤ ደሊላ የነበረችውም በሶሬቅ ሸለቆ ነው። በተምና በተፈጠረው ጠብ ምክንያት ሶምሶን ወርዶ ሠላሳ ሰዎች የገደለው ደግሞ በአስቀሎና፣ ማለትም በእኛው በአሽቀሎን ነው። ናዝራዊ ስለነበረ የወይን ጠጅ አይፈቀድለትም ነበር፤ ሆኖም ታሪኩ በሙሉ የሚካሄደው በወይን እርሻዎች መካከል ነው። አንድ አባት ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያስ እኛ ከአስቀሎና ተነስተን የሶምሶንን መንገድ መልሰን እንሄዳለን ማለት ነው» አሉ።

ሰፈራችንም ቢሆን ከወይን ታሪክ የራቀ አይደለም። አቲቆት ማለት በዕብራይስጥ «የጥንት ቅርሶች» ማለት ነው። በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ከ1985 እስከ 2016 በቆየው ቁፋሮ፣ ናቡከደነፆር ከተማይቱን ባጠፋት በ604 ዓመተ ዓለም ፍርስራሽ ውስጥ የወይን መጥመቂያ ተገኝቷል። በቢዛንታይን ዘመን ደግሞ የጋዛና የአሽቀሎን ወይን ጠጅ በረጃጅም እንስራዎች ተሞልቶ በመርከብ ወደ ብዙ አገሮች ይላክ ነበር። በኦክቶበር 2021 የእስራኤል የቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን በያቭኔ 1,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ አምስት ትልልቅ መጥመቂያዎች መገኘታቸውን አስታውቋል። በዓመት ወደ ሁለት ሚሊዮን ሊትር ያመርቱ እንደነበረ ተገምቷል።

ወይን ጠጅና እኛ

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከአንድ የሃምሳ ዓመት አባት ነው። «እጃችን ሲነካው ይረክሳል የተባለውን ወይን ለማየት ነው ገንዘብ የምናወጣው?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የተናገሩት በጁን 2018 ስለሆነው ነገር ነው። ያን ጊዜ «ካን» የተባለው የሕዝብ ብሮድካስት እንደዘገበው፣ በሑልዳ የሚገኘው የባርካን የወይን ጠጅ ፋብሪካ የ«ኤዳ ሀሐሬዲት»ን የካሽሩት ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል ከኢትዮጵያ የመጡ ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ወደ ሌላ ሥራ አዛውሯቸዋል። ምክንያቱ በአይሁድነታቸው ላይ የተነሳ ጥርጣሬ ነበር። የራቢ ዖቫዲያ ዮሴፍ ውሳኔ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ካጸናበት ከ1973 ወዲህ 45 ዓመት አልፎ ነበር። በ2018 ዋና ራቢ የነበሩት ልጃቸው ራቢ ይጽሐቅ ዮሴፍ ነገሩን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙ። ከፍተኛ ቁጣ በመነሳቱ ፋብሪካው አድልዎ ከሚያደርግ የካሽሩት አካል ጋር እንደማይሠራ አስታወቀ።

ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ወደ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቢሄዱ፣ አንድ አስጎብኚ «አትንኩ» ባላቸው ጊዜ ሊቆስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በካሽሩት ሕግ ወይኑ ከተጨመቀበት ጊዜ ጀምሮ ጠርሙሱ እስኪታሸግ ድረስ የሚነኩት ሰንበት የሚጠብቁ አይሁድ ብቻ ናቸው። የተፈላ ወይን ጠጅ፣ ማለትም «ሜቩሻል» የሚባለው፣ ይህ ገደብ የለበትም። በመሆኑም በካሽር ፋብሪካ ማንኛውም ጎብኚ፣ ከየትም ይምጣ፣ ጋኑንና ቧንቧውን እንዲነካ አይፈቀድለትም። ለሁሉም የተነገረ ከሆነ ሥርዓት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተለይቶ «አንተ አይሁዳዊ ነህ ወይ?» ከተባለ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጽ «ይህን ሁሉንም ትጠይቃላችሁ?» ማለት ይገባል። ይህንኑ በቡድናችን ውስጥ አንዱ አስጎብኚ፣ ሌላው ጎብኚ ሆኖ ተለማመድነው። ጥያቄውን ያነሱት አባትም፣ «ልጄ መልስ መስጠት ከቻለ እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

በነገራችን ላይ በአገር ቤት መንደራችን የወይን ጠጅ አልነበረም። ሰንበት የሚከበረው በዳቦና በጠላ ነበር፤ ለሠርግ ጠጅ ይጣላል። በወይን ጠጅ ቂዱሽ ማድረግን የተማርነው እዚህ ነው። ሆኖም ቋንቋችን «ወይን ጠጅ» ሲል የጠጅ ዘመድ አድርጎታል። ጠጅ ከማርና ከጌሾ የሚጣል እንጂ ከወይን ፍሬ የሚወጣ ስላልሆነ፣ ስለ መንካት የተነገረው ሕግ አይመለከተውም። በአዲስ አበባ የኖሩ አንባቢያን ጉደርንና አዋሽን ያስታውሳሉ። ካስቴል የተባለው ኩባንያም በዝዋይ ወይን ተክሎ ከ2014 ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል።

ዝግጅቱ እንዴት ይሁን?

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ቡድናችን በአራት ስብሰባ የደረሰበትን፣ ለሌሎችም ይጠቅማል በማለት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገንዘብ። ማንም ቤተሰብ ለእረፍት ብሎ ከባንክ መበደር የለበትም። እኛ ከፋሲካ በዓል ጀምሮ ዕቁብ ገባን፤ ዕጣ አይወጣም፣ ሁሉም ለጉዞው ይጠራቀማል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ካራቫን መከራየት ውድ ነው፤ አያስፈልግምም። አንድ ካራቫን ለአዛውንቶች፣ ለወጣቶች ድንኳን ይበቃል፤ የቀረው ሰው በየግል መኪናው ይሄዳል። ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩን መጠየቅ ያለባችሁ እነዚህን ነው፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይፈቀዳል? አደጋ ቢደርስ ከእኛ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው? የሾፌሩ ዕድሜና የመንጃ ፈቃድ ዘመን ስንት መሆን አለበት? መያዣው መቼ ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ መኪናው። ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሆነ ካራቫን በተራው «ቤት» መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ነገር ግን ቁመቱ ወደ ሦስት ሜትር ስለሚጠጋ በካኒዮን ምድር ቤት ማቆም፣ ዝቅ ባለ ዛፍ ሥር ማለፍ አይቻልም። መኪናው ሲሄድ ሁሉም ሰው ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አልጋ ላይ መተኛት ክልክል ነው። የአልጋው ቁጥር ስድስት ቢሆንም የቀበቶው ቁጥር አራት ከሆነ የሚጫነው አራት ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ። ብዙዎቹ ካራቫኖች የሚይዙት ወደ 100 ሊትር ነው። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ «አይበቃም!» አሉ። ቀደም ሲል የጠቀስኳቸው እናት ግን፣ «100 ሊትር ማለት አምስት እንስራ ነው። እኔ ከወንዝ በጀርባዬ አምጥቼ በሁለት እንስራ ቤተሰብ አስተዳድር ነበር። ይበቃል እንጂ!» ብለው ዕቃ በሁለት ሳፋ እንዴት እንደሚታጠብ፣ በአንድ ጣሳ እንዴት ገላ እንደሚታጠቡ አስረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃው ኃላፊ እሳቸው ሆኑ። የቆሸሸው ውሃና የመጸዳጃው ሳጥን የሚደፋው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ይህን ሥራ ወጣቶች ይውሰዱት፤ አዛውንት እንግዶች ናቸውና።

አራተኛ፣ ምግብና መብራት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ2,000 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። የማደሪያ ቦታው መስመር 16 አምፔር ከሆነ የሚሰጠው 3,600 ዋት ገደማ ነው፤ ከአየር ማቀዝቀዣው ጋር ምጣድ ከተሰካ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ እንጀራ በመነሻው ዋዜማ በቤት ይጋገር፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ይቀመጥ፤ በኦገስት ሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት ከሦስት ቀን በላይ አይያዝ። ወጡ በረዶ ሆኖ ይጫን። የተከራይ ካራቫን ድስትና ሳህን ማን ምን እንደበላበት ስለማይታወቅ የራሳችሁን ዕቃ ያዙ። ቡና መቁላት ከካራቫኑ ውጭ ይሁን፤ ጭሱ ጨርቁን ከያዘው መያዣው ላይመለስ ይችላል። በበጋ ሣሩ ደረቅ ነውና ከሰል የሚቀጣጠለው እሳት በተፈቀደበት ስፍራ ብቻ ነው። የስኳር በሽታ ያለባቸው መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ መሥራቱን ከመነሳት በፊት ያረጋግጡ።

አምስተኛ፣ ጊዜ። የወይን ለቀማ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። ፍሬው እንዳይሞቅ ብዙ ጊዜ የሚለቀመው ሌሊት ወይም ሲነጋ ነው፤ ማልዶ የተነሣ ያያል። ካሽር የሆኑ ፋብሪካዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላና ሰንበት ዝግ ናቸው። ወጣቶቹ የሳምንቱን መጨረሻ መረጡ፤ አዛውንቶቹ ደግሞ ሰንበትን በቤታቸውና በጸሎት ቤታቸው ማሳለፍ ፈለጉ። በመጨረሻ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ እንዲሆን ተስማማን። ቦታም ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ወታደሩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት።

ስድስተኛ፣ መጠጥ። ሾፌር አይቀምስም። ሕጉ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ትንፋሽ እስከ 240 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ለአዲስ ሾፌርና ከ24 ዓመት በታች ለሆነ ግን 50 ብቻ ነው፤ ይህም ከምንም አይቆጠርም። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ልጆች ወይኑ ከፍሬ ወደ ጠጅ እንዴት እንደሚለወጥ ይዩ፤ ቀዩ ከነልጣጩ ሲፈላ፣ ነጩ አስቀድሞ ሲጨመቅ ይማሩ። መጠጡ ለእነሱ አይደለም።

ሰባተኛ፣ ደኅንነት። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የአሽቀሎን ሰው ይህን ለማስታወስ ነጋሪ አያሻውም። ካራቫን መጠለያ አይሆንም። ቦታ ስትይዙ የሚክላቱን ርቀት ጠይቁ፤ እንደደረሳችሁም ከአዛውንቶች ጋር በእግር ሄዳችሁ ሞክሩት።

የጉዞው ዕቅድ

ለሙከራ አንድ ሌሊት በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ በድንኳን አደርን። ከቤት ሩቅ ስላልሆነ የረሳነውን ሁሉ ሄደን አመጣን፤ የረሳነውም ብዙ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ሁሉ እንዲህ ብታደርጉ መልካም ነው።

ዋናው ጉዞ እሑድ ጠዋት በመንገድ ቁጥር 35 ይጀመራል። የመጀመሪያው ማረፊያ ቤት ጉቭሪን ነው፤ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ዋሻዎች እዚያ ናቸው። በበጋ ሙቀት ዋሻ ውስጥ መግባት ለሽማግሌም ለልጅም እረፍት ነው። በማግሥቱ በዔላ ሸለቆ በኩል ወደ ሶሬቅ እንወጣለን፤ በስልክ አስቀድመን ያነጋገርነውን አንድ ትንሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ እንጎበኛለን። የደወለችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አሥራ ዘጠኝ መሆናችንን፣ ከመካከላችን አዛውንት እንዳሉ፣ ከየት እንደመጣንም ተናገረች። «እንጠብቃችኋለን» አሏት።

ማክሰኞ የምንመለሰው በመንገድ ቁጥር 3 ነው። ይህን የወሰኑት እኚያ እናት ናቸው። ካራቫኖቹ በነበሩበት በሑልዳ አካባቢ ቆመን ቡና እንድናፈላ ጠይቀዋል። «ለልጆቹ ቦታውን ላሳያቸው። እኔ ስኖርበት ወይኑን አላየሁትም ነበር፤ የማየው የውሃ መስመሩን ብቻ ነበር» አሉ።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የኪራዩን ውል ወታደሩ እየተረጎመ አነበበላቸው። ካራቫኑ እሑድ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተረክበን ማክሰኞ በምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንደምንመልስ ሲነግራቸው አቋረጡትና እንዲደግመው ጠየቁት። ደገመላቸው። «ይኸኛው መውጫ ቀኑ ተጽፎለታል» አሉ፤ ከዚያም የዕቃውን ዝርዝር ተቀብለው ጀበናና ስድስት ስኒ እንዲጻፍበት አዘዙ።